ሊማሊሞን በከንቱ አማነው

አገሬ ዛሪማ ነው። ከደባርቅ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ አዲ አርቃይ ሳትደርሱ የምታገኙት ቆላ። ያደግኩት አንድ የማያልቅ ምክንያት እየሰማሁ ነው። ደብዳቤ ዘገየ? ሊማሊሞ ነው። ጨው ተወደደ? ሊማሊሞ ነው። ሙሽራ አርፍዳ ገባች? እሱም ሊማሊሞ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው ያ መንገድ ያልተከሰሰበት ጉዳይ የለም።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ኮምፒውተር ነው። አትሽሹ፣ ዞሬ ዛሪማ እመለሳለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ የደመወዝ ሶፍትዌር ከሚሠሩ ሰዎች ጋር እሠራለሁ። የፕሮግራም ነገር አንዱን ሲያቀኑት ሌላው ይጣመማል። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚፈትሹ ትንንሽ ፕሮግራሞች አብረው ይጻፋሉ። አንዱ ጡረታው በትክክል ተቆርጦ እንደሆነ ያያል፤ ሌላው የትርፍ ሰዓቱን ይደምራል። የእኛዎቹ ፍተሻዎች 900 ያህል ነበሩ። የሰው እጅ ሳይነካቸው ተራ በተራ ሠርተው ለመጨረስ 52 ደቂቃ ይፈጁ ነበር።

52 ደቂቃ ማን ይጠብቃል? መጀመሪያ ቡና ልንጠጣ ወጣን። ቀጥሎ "ማታ እናስኬዳቸዋለን" አልን። በመጨረሻ ጭራሹን ተውነው። ታዲያላችሁ፣ አንድ ወር የአንድ ደንበኛችን ሠራተኞች ጡረታ ሁለት ጊዜ ተቆርጦባቸው ቁጭ! ያንን ስህተት የሚይዝ ፍተሻ ነበረን፤ ያስኬደው ሰው ግን አልነበረም። ከተቆረጠባቸው አንዱ፣ የጥበቃ ሠራተኛ፣ "አከራዬን ምን ልበላት?" ብሎ ሲደውል ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ።

ስብሰባ ተቀመጥን። ሁላችንም በአንድ ድምፅ "ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ" አልን። ገና የተቀጠረች አንዲት ልጅ ብቻ "የትኛው ፍተሻ ነው የዘገየው?" ብላ ጠየቀች። ጸጥ አልን። 52ቱን ደቂቃ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ምን ምን እንደበላው ግን የለካ የለም።

የምንጠቀምበት ፓይቴስት የሚባለው መሣሪያ "ዱሬሽንስ" የሚል ትእዛዝ ሲሰጡት ከሁሉ የዘገዩትን ፍተሻዎች በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። የእያንዳንዱንም ጊዜ ለሦስት ይከፍለዋል፤ ለዝግጅት የፈጀው፣ ፍተሻው ራሱ የፈጀው፣ መጨረሻ ላይ ለማጽዳት የፈጀው እያለ። ልጅቷ ደጋግማ ለካች፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ነገር ያሳስታልና። ውጤቱ ሲወጣ አፈርን። አብዛኛውን ደቂቃ የበሉት 40 ፍተሻዎች ነበሩ። እነሱም የዘገዩት በዝግጅቱ ላይ ነው። ከእኛ አንዱ፣ ምናልባትም እኔው፣ ከዓመታት በፊት "ዳታቤዙ እስኪነሣ አንድ ደቂቃ ጠብቅ" ብሎ ጽፎላቸው፣ እነሱም ትእዛዝ አክብረው ቆመው ይጠብቁ ነበር። ዳታቤዙ የሚነሣው በ2 ሰከንድ ነው! "እንደተነሣ ቀጥል" በሚል ስንቀይረው 52ቱ ወደ 13 ደቂቃ ወረደ። በዚያው በተማው አሮጌ ኮምፒውተር።

የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

በ1995 ዓ.ም. አክስቴ ዛሪማ ላይ ምጥ ጠናባት። ወደ ደባርቅ ሲወስዷት አብሬ ነበርኩ። ሐኪሞቹ ወዲያው ተቀብለው እሷን አተረፏት፤ ልጁ ግን አልተረፈም። "ሊማሊሞ በላው" ተባለ። እኔም ስንት ዓመት ሙሉ እንደዚያው ስል ኖርኩ። ያን ሌሊት ግን እንደ ልጅቷ ቆራርጬ ለካሁት። ምጡ የጀመረው ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። "ይንጋና እናያለን" ስንል 12 ሰዓት። መኪና እስኪገኝ፣ ተገኝቶም ተሳፋሪ እስኪሞላ፣ 5 ሰዓት። ሊማሊሞን ለመውጣት 3 ሰዓት። ከ20 ሰዓት ውስጥ የሊማሊሞ ድርሻ 3 ሰዓት!

ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ እናቶችን የሚገድለውን መዘግየት ለሦስት ከፍለውታል፤ እንሂድ ብሎ ለመወሰን፣ ሕክምና ቦታ ለመድረስ፣ ደርሶም ሕክምና ለማግኘት። የአገራችን የጤና ባለሙያዎችም "ሦስቱ መዘግየቶች" እያሉ ያስተምሩታል። እኛ ቤት የረዘመው የመጀመሪያው ነበር። መንገድ ያልጠየቀው፣ ከምድጃው ዳር ተቀምጠን ያሳለፍነው።

በማግስቱ አጎቴ ዘንድ ደወልኩ። ሰላምታው አለቀና ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ ያን ጊዜ ለመወሰን 12 ሰዓት እንደፈጀብን ታውቃለህ?"

ብዙ ዝም አለ።

"ሰዓቱን ማን አየው ልጄ?" አለኝ። "ሁላችንም የምናየው መንገዱን ነበር።"