ሳይታሰብ የተነካ ስልክ

ሰው እጁን የሚያዝዘው በልቡ ነው፤ በጣት የሚነካ ስልክ ግን የልብን አሳብ አያይምና፥ የነካው ሁሉ ጌታው ይመስለዋል። ከመስተዋቱ ሥር ረቂቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ተዘርግቷል፤ የሰው ገላ ሲነካው ያ ኃይል ይለወጣል፥ መሣሪያውም መለወጡን እንደ ትእዛዝ ይቀበላል። ስለዚህ ጣት ቢነካው፥ ጉንጭ ቢያርፍበት፥ አንዳንድ ጊዜም የዝናብ ጠብታ ቢወርድበት፥ ሁሉን እንደ አንድ ሊቈጥረው ይችላል።

ሠሪዎቹም ይህን አይተው ጠባቂ አቆሙለት። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው አይፎን፥ ወደ ጆሮ መቅረቡን የሚያውቅ ዓይን ነበረውና፥ ሰው ሲነጋገርበት ብርሃኑን አጥፍቶ የጉንጭን ንክኪ አይቀበልም ነበር፤ ተዘግቶ ሳለም ጣት በተሰመረለት መንገድ ካልሳበው በቀር አይከፈትም ነበር። በታብሌት ላይ በብዕር ለሚጽፍም፥ የመዳፍን ሰፊ ንክኪ ከብዕር ቀጭን ጫፍ ለይቶ መዳፉን የሚተው ሥርዓት ተበጀ።

ነገር ግን ለችግር ቀን የተሠራው ብልሃት ራሱ ችግር የሚያመጣበት ጊዜ አለ። በ2023 ዓ.ም. በብሪታንያ፥ የጎን ቁልፉ አምስት ጊዜ ሲጫን የድረሱልኝ ጥሪ የሚያደርጉ የአንድሮይድ ስልኮች፥ በኪስ ውስጥ ሳይታሰብ እየተጫኑ ወደ 999 ብዙ ባዶ ጥሪ አደረሱ። ባዶውን ጥሪ የሚያዳምጥ ሠራተኛም በእውነት የሚጮኸውን ሳይወድ ያስጠብቀዋል።

እንግዲህ ስልኩን ወደ ኪስ የሚከት ሰው አስቀድሞ ይቈልፈው። ሳያስበው ቢደውልም፥ ፖሊሶቹ እንደ መከሩት፥ ስሕተት መሆኑን ይናገር እንጂ አፍሮ አይዝጋው፤ ዝም ያለ ጥሪ ፈላጊ ያስነሣልና።