ያልለካኸውን አትፈርም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን የምጽፈው በተለይ ለኢንተርንሺፕ ከቤተሰብ ርቃችሁ ለምትሄዱ የምህንድስና ተማሪዎች ነው። እኔ የመድረሳ ልጅ ነኝ። ደሴ ውስጥ በአንድ መስጂድ ኢማማችንን አግዛለሁ። ስለ ኮንክሪት የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ያስተማረኝ አንድ የድሬዳዋ ልጅ ነው።

ልጁ የሲቪል ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ባለፈው ክረምት ከመስጂዳችን ብዙም በማይርቅ የሕንፃ ሳይት ላይ ሁለት ወር ሊሠራ መጣ። ድሬን የምታውቁ ሙቀቷን ታውቃላችሁ። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለች፣ ሐምሌ ሲገባ ጦሳ ተራራ በጉም የሚሰወርባት ከተማ ናት። ልጁ ግን በስስ ጃኬት ነው የመጣው። በመጀመሪያው ፈጅር ውዱእ አድርጎ ሲንቀጠቀጥ ያዩት አንድ አባት ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡለት። "አቦ፣ እዚህ አገር ውሃው ከፍሪጅ ነው እንዴ የሚመጣው?" ሲል ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጀመዓው ልጅ ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ጠጋ ብሎ "ኡስታዝ፣ ሙሳፊር ነኝ። ሁለቱን ወር እያሳጠርኩ ልስገድ?" አለኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ መልሱን እዚህም ልድገመው። መንገድ ላይ እያላችሁ ማሳጠር ይቻላል። አንድ ቦታ ለመቀመጥ የነየተ ሰው ግን፣ በሻፊዒይ መዝሀብ የገባበትና የሚወጣበት ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን፣ በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ 15 ቀን ለመቆየት ካሰበ እንደ ነዋሪው ሙሉ ይሰግዳል። ሁለት ወር በሁለቱም መዝሀብ ከልኩ ያልፋል። ጁሙዓም ግዴታው ነው። ልጁ ለጁሙዓ ፎርማኑን በትህትና አስፈቀደ፤ የሄደበትን ሰዓት አምሽቶ ሊክስ ተስማሙ። በዚህ በኩል ችግር አልገጠመውም።

ችግሩ በሌላ በኩል መጣ። አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ስለ ሥራው ያስረዳኝ ጀመር። ኮንክሪት ሲቦካ አሸዋውና ጠጠሩ በሳጥን ይለካል። ውሃ ሲበዛ ለሠራተኛው ሥራው ይቀለዋል፤ ኮንክሪቱ ግን ይደክማል። ክረምት ላይ አሸዋው ራሱ ዝናብ ጠጥቶ ስለሚመጣ የሚጨመረው ውሃ መቀነስ አለበት። ይህን ለማወቅ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው፣ ከላይና ከታች ክፍት በሆነ ቆርቆሮ ውስጥ ኮንክሪቱ በሦስት ዙር ይሞላል። እያንዳንዱ ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል። ቆርቆሮው ወደ ላይ ሲነሳ ኮንክሪቱ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ይለካል። ከዚህ ሌላ በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ ተሞልቶ፣ ውሃ ውስጥ ቆይቶ፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በማሽን እየተጨፈለቀ ጥንካሬው ይታያል።

ታዲያ የአንድ ቀን የኮለን ሙሌት ዝናብ እየመጣ ነው ተብሎ በጥድፊያ ተሞላ። ቆርቆሮውም አልወጣም፣ ኪዩብም አልተያዘም። በማግሥቱ የሳይቱ ኃላፊ ቅጹን ሰጥቶት "ያለፈውን ቁጥር ገልብጠህ ፈርም" አለው። ይህ ሰው የኢንተርንሺፕ ውጤቱን የሚሞላለት ሰው ነው። "ኡስታዝ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ብፈርም ወንጀሉ የእኔ ነው የእሱ?" ብሎ ጠየቀኝ።

83ኛዋ የቁርኣን ሱራ አል-ሙጠፊፊን ትባላለች፤ ስሟ ሲሰፍሩና ሲመዝኑ ከሚያጎድሉ ሰዎች የመጣ ነው። ስንቀራት ሁልጊዜ ምሳሌያችን እህል ነጋዴ ነበር። ያን ማታ ግን የአሸዋው ሳጥንና የውሃው ባልዲ ታየኝ። እህል የጎደለበት ሰው ቤቱ ሄዶ መዝኖ ያውቃል። ኮለን ውስጥ የጎደለውን ግን፣ ነገ እዚያ ፎቅ ላይ ተከራይታ ልጆቿን የምታስተኛ እናት በምን ታውቃለች? ፊርማ ምስክርነት ነው፤ የሐሰት ምስክርነት ደግሞ በዲናችን ከትልልቆቹ ወንጀሎች ነው። "ያዘዘህ የራሱ አለበት፤ የሚፈርመው እጅ ግን ያንተ ነው" አልኩት። ተጣላ ግን አላልኩትም።

መንገዱን ያገኘው ራሱ ነው። ቅጹ ላይ ቀኑንና የተሞላውን ኮለን ጻፈ፤ በልኬቱ ቦታ "አልተለካም" ብሎ ሞልቶ ፈረመ። ለኃላፊው ሲሰጠው "ኢንጂነር፣ ያላየሁትን መጻፍ አልችልም። ከነገ ጀምሮ ግን እያንዳንዱን ሙሌት እኔው እለካለሁ" አለው። የቅጹንም ፎቶ ለዩኒቨርሲቲው አማካሪ መምህሩ አሳየ። መምህሩ የደረቀ ኮንክሪትም በመዶሻ መሰል መሣሪያ ሊፈተሽ እንደሚችል ነግሮት፣ ልጁ ያንኑ ለሳይቱ አቀረበ።

ኃላፊው ተቆጣ። አንድ ሳምንት ሙሉ ስቶር ውስጥ ሲሚንቶ አስቆጠረው። ኮለኑ ይፈተሽ አይፈተሽ ልጁ እስኪሄድ አልነገሩትም። ውጤቱም አብረውት ከነበሩት ተማሪዎች ዝቅ ብሎ ወጣ። የዕለት መዝገቡን ግን ያለ አንድ የውሸት ቁጥር ይዞ ነው ድሬ የገባው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ከመሄዳችሁ በፊት በአካባቢው ያለውን መስጂድ ጠይቁ፤ ማደሪያ የሚያፈላልግላችሁ ሰው አታጡም። ሎግ ቡካችሁን በዕለቱ ጻፉ፤ ያያችሁትን አየሁ፣ ያላያችሁትን አላየሁም በሉ። ትእዛዝ ሲከብዳችሁ ብቻችሁን አትያዙት፤ ለአማካሪ መምህራችሁ ንገሩ። እኛ መስጂድ ያለነው ደግሞ ርቆ የመጣን ተማሪ "አብሽር፣ የማን ልጅ ነህ? ምሳ በልተሃል?" ብለን እንጠይቅ። ባዕድ ከተማ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ያለው ልጅ "አልፈርምም" ለማለት ወኔ ያገኛል።

አላህ ዕውቀታችሁን ጠቃሚ፣ ሥራችሁን አማና የሞላበት ያድርግላችሁ። ወሏሁ አዕለም።