አቮካዶ በአሰላ ጓሮ፣ አቮካዶ በስቶክሆልም መስኮት

ስዊድኖች መስኮታቸውን ያለ ተክል አይተዉትም። ከኦርኪዱና ከቁልቋሉ መሃል ብዙ ጊዜ አንድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን የደረቀ ነገር ቆሞ ታያላችሁ፤ አቮካዶ ነው። ፍሬው ተበልቶ ዘሩ ይታጠባል፣ ሦስት የጥርስ እንጨት ወገቡ ላይ ይሰካበትና ታችኛው ጎኑ ብቻ ውሃ እንዲነካ ብርጭቆ አፍ ላይ ይቀመጣል። ከሳምንታት በኋላ ተሰንጥቆ ሥር ያወጣል፣ ከዚያም ወደ አፈር ይዛወራል። (እንጨቱ ለትርኢት ካልሆነ አያስፈልግም፤ ሰፊ ጎኑን ወደ ታች አድርጎ እርጥብ አፈር ውስጥ መቅበር ይበቃል።) ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ብቅ በምትልበት አገር ፍሬ የሚጠብቅ የለም። የሚፈለገው ቅጠሉ ነው።

የእኔን አሰላ ላለችው አክስቴ በቪዲዮ ሳሳያት የመጀመሪያ ጥያቄዋ “መቼ ነው የሚያፈራው?” ነበር። አያፈራም፣ ለማየት ነው አልኳት።

“ታዲያ ለፍየል ነው?”

ሳቅን፤ ግን ነገሩ የሚያስቅ ብቻ አይደለም። የአቮካዶ ቅጠል ፐርሲን የሚባል መርዝ አለው፤ ፍየል፣ በግ፣ ላምና ፈረስ ላይ ጉዳት ያደርሳል። የምትታለብ ከብት አብዝታ ከበላችው ጡቷ ያብጣል፣ ወተቷ ይነጥፋል፤ ሲበዛም ልብ ይጎዳል። አሰላ ያለችበት አርሲ ደግሞ የፈረስና የወተት ላም አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ፕሮጀክት ከስንዴው ጎን የተዳቀሉ የወተት ላሞችን አስፋፍቷል። በእንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ የአቮካዶ ቅርንጫፍ ቆርጦ ለከብት መጣል ዋጋ ያስከፍላል።

እኛ ጋ አቮካዶ ብዙውን ጊዜ ማንም አስቦበት አይተክለውም። የተጣለ ዘር ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ አመድና የዕቃ እጣቢ በሚደፋበት በኩል ራሱ ይበቅላል። ስለማንነቱ የሚጠይቅ የለም፤ ካፈራ አፈራ፣ ካላፈራ ጥላ ይሆናል። ስዊድን ግን ስም የማውጣት አገር ናት። ከምኖርበት ከስቶክሆልም በባቡር አንድ ሰዓት የማይሞላው ኡፕሳላ ውስጥ ያስተምር የነበረው ካርል ሊኒየስ፣ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፉ አቮካዶን “ላውረስ ፐርሲያ” ብሎ ወጥ ውስጥ ከሚገባው የሎረል ቅጠል ጋር አንድ ወገን አድርጎታል። የዝርያ ስሙ በኋላ ቢቀየርም ቤተሰቡ ጸንቷል፤ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቀረፋም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ከአርሲ ደቡብ፣ ባሌ ሐረና ጫካ ውስጥ፣ ማንም ያላመጣው አገር በቀል ዘመድ አላቸው፤ ኦኮቲያ ኬንየንሲስ የሚባል ትልቅ የደን ዛፍ።

ይህ ዝምድና ለአሰላ ሰው ምን ይጠቅማል? አቮካዶውን በአፍንጫ ለመለየት ይጠቅማል። የዚህ ቤተሰብ ቅጠል ሲታሽ ብዙ ጊዜ ይሸታል። አቮካዶ ሦስት ዋና ዋና ወገኖች አሉት፦ የሜክሲኮ ደጋ፣ የጓቲማላና የቆላው የምዕራብ ህንድ ደሴቶች። ቅጠሉን በጣታችሁ አሽታችሁ እንስላል እንስላል ካላችሁ የሜክሲኮው ደም አለበት ማለት ነው፤ ብርድን ከሌሎቹ ይልቅ የሚችለውም እሱ ነው። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ከኅዳር እስከ ጥር የጭላሎ ተራራ ብርድ ሌሊቱን ሲወርድባት፣ ለጋ ችግኝ ውርጭ ይለበልበዋል። ስለዚህ አክስቴን ከጓሮዋ አቮካዶ ቅጠል ቀጥፋ እንድታሸት ለመንኳት። “ቅጠል ቅጠል ነው የሚለው” አለች።

የእኔም ምንም አይሸትም፤ ከሱቅ የተገዛ፣ ሃስ የተባለው ዝርያ ዘር ነው፤ ሃስ ደግሞ የሜክሲኮውና የጓቲማላው ድብልቅ ስለሆነ የእንስላሉ ሽታ ላይኖረው ይችላል። ሃስ ራሱ ከዘር የተገኘ ዕድል ነው፦ ሩዶልፍ ሃስ የተባለ የካሊፎርኒያ ፖስተኛ እ.ኤ.አ. በ1926 የተከለው፣ ወላጁ በውል የማይታወቅ ዛፍ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ሃስ ሁሉ ከዚያ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሌላ ችግኝ ላይ እየተዳቀለ የተባዛ ነው። ዘሩን ብትተክሉ ግን እናቱን አይመስልም። ውጭ ያለን ሰዎች “ጥሩ ፍሬ ብሉና ዘሩን ትከሉ” እያልን ለቤተሰብ የምንልከው ምክር በእኔ እይታ ጊዜ ማባከን ነው። ከዘር የበቀለ ለማፍራት ከአምስት እስከ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል፤ የተዳቀለው በሦስት በአራት ዓመት ያፈራል።

ከውጭ መላክ የሚያስፈልግ ነገርም የለም። ከአሰላ አዳማ የሚወርድ ሰው መንገዱ የሚያልፈው በመልካሳ ነው፤ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ሃስ፣ ፉየርቴ፣ ኤቲንገርና ሌሎችንም ዝርያዎች ሲያጠና የኖረ ነው። እኔ ለአክስቴ ያልኳት ሁለት የተዳቀሉ ችግኞች እንድታገኝ ነው፣ አንድ ሃስ፣ አንድ ፉየርቴ። የሃስ አበባ ጠዋት ሴት ሆኖ ተከፍቶ በማግስቱ ከሰዓት ወንድ ሆኖ ይመለሳል፤ የፉየርቴው ሰዓት ተቃራኒ ነው፤ ሁለቱ ሲጎራበቱ ንብ ታገናኛቸዋለች። መሬቱ ደግሞ ውሃ የሚያቁር መረሬ ሳይሆን ተዳፋት ይሁን፣ ሥሩ ከታቆረ ይበሰብሳልና።

ጓሮው ለሁለት ስለሚጠብ ፉየርቴው በጎረቤት ግቢ ቢተከል፣ ንብ አጥር አይከለክላትም አልኳት። እሷ ግን ቅርንጫፉ አጥር ተሻግሮ ሲያዘነብል ፍሬው የማን ይሆናል ብላ ከወዲሁ ተጨንቃለች።