ከቅኝት ወጥቶ ስለ መመለስ

ሕግ የሌለው ሥራ አይጸናም፤ ሕግን ብቻ ይዞ የሚኖር ሥራ ደግሞ አይለመልምም። ይህ ነገር በአገርና በቤት አስተዳደር ብቻ ሳይሆን በዜማም ሥራ ይታያል። በአሜሪካ አገር በጥቁሮች ዘንድ ተወልዶ ዓለሙን ያዳረሰው ጃዝ የተባለው ሙዚቃ ለዚህ መልካም ምስክር ነው። የጃዝ ባለ ሙያ የታወቀውን ዜማ አንድ ጊዜ ካሰማ በኋላ፥ በዚያው ዜማ መሠረት ላይ ቆሞ፥ በወረቀት ያልተጻፈ አዲስ ዜማ ከልቡ እያፈለቀ ይጫወታል። የትናንቱን ዛሬ ቃል በቃል ቢደግመው፥ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ እንደሚያሰማ የቅኔ ተማሪ ያሳፍረዋል።

በዚህ ሙያ ውስጥ ለመማር የሚከብደው፥ ለሰሚም ለመፍረድ የሚያስቸግረው አንድ ጥበብ አለ። ይኸውም ባለ ሙያው ከቆመበት ቅኝት ዐውቆ ወጥቶ፥ ለቅኝቱ ባዕድ የሆኑትን ድምፆች ተጫውቶ፥ እንደ ገና ወደ ቅኝቱ መመለሱ ነው። ይህን የሚሰማ ሰው፥ «ስሕተት ነውን ወይስ ዕውቀት? ዕውቀትስ ከሆነ በምን ይታወቃል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውም የተገባ ነው፤ የማያውቅ ሰው ስሕተቱን ዕውቀት ነው ብሎ ሊሸጥ ይችላልና፥ የሚያውቅም ሰው ዕውቀቱ ስሕተት ተብሎ ሊነቀፍ ይችላልና።

ነገሩን ለማስረዳት ፒያኖ ይበቃል። በፒያኖ ላይ ከአንዱ ዶ እስከሚቀጥለው ዶ ድረስ ነጮቹ ቁልፎች ሰባት፥ ጥቁሮቹ አምስት ናቸው፤ በጠቅላላው 12 ድምፅ ይሆናል። ማይልስ ዴቪስ የተባለው ጥሩምባ ነፊ በ1959 (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዘመን ቍጥር ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በኒው ዮርክ ከተማ ያስቀረጸው «ሶ ዋት» የሚባል ዜማ መሠረቱ ሬ ነው፤ ከሬ ተነሥቶ በነጮቹ ሰባት ድምፆች ይሄዳል። ዜማው እያንዳንዳቸው አራት ምት ያላቸው 32 ክፍሎች አሉት። የፊተኞቹ 16 ክፍሎች በሬ፥ ቀጥሎ ያሉት 8 ግማሽ ድምፅ ከፍ ብለው በሚ ቤሞል፥ የኋለኞቹ 8 ተመልሰው በሬ ይሄዳሉ።

እንግዲህ በታች ሬ ጸንቶ እየተሰማ ሳለ፥ ተጫዋቹ አምስቱን ጥቋቁር ቁልፎች ብቻ ቢነካ፥ ከነካቸው ድምፆች መካከል የቤቱ ልጅ አንድ ስንኳ አይገኝም፤ ሁሉም ባዕዳን ናቸው። የሚያስደንቀው ግን ባዕዳኑ እርስ በርሳቸው ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። ከሶል ቤሞል ጀምሮ በተራ ቢመቷቸው፥ የኢትዮጵያ ክራር መቺ የሚያውቀው ትዝታ፥ ይኸውም ሜጀር የሚባለው የትዝታ ቅኝት ይሰማል። ስለዚህ ይህ ተጫዋች ከቤቱ ቢወጣም ወደ ምድረ በዳ አልሄደም፤ ወደ ጎረቤት ቤት ገባ እንጂ። ጎረቤቱም የራሱ ሥርዓት አለው። የሚሳሳተው ሰው ግን ከራሱ ቤት ወጥቶ ወደ ማንም ቤት ሳይገባ በመንገድ ላይ የቀረ ነው። የነካው ድምፅ ከዚያኛው ጋር አንድ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከፊቱና ከኋላው ዘመድ የለውም።

ከኢትዮጵያውያን መካከል በቦስተን ከተማ በበርክሊ ትምህርት ቤት የተማሩት አቶ ሙላቱ አስታጥቄ፥ አምስት ድምፅ ያለውን ቅኝታችንን ከጃዝ 12 ድምፆች ጋር ለማስማማት በደከሙ ጊዜ፥ ይህንኑ ነገር ከወዲያኛው ደጃፍ ሆነው አይተውታል። ለእርሳቸው ጭንቁ የሚታከለው ድምፅ በዝቶ ቅኝቱን እንዳያጠፋው መጠንቀቅ ነበር። አምስት ድምፅ ባለው ቤት ውስጥ አንድ እንግዳ ድምፅ ቶሎ ይታወቃልና።

ከቅኝት የመውጣትን ጥበብ ለመማር ከደከሙት ሁሉ ታሪኩ ለተማሪ የሚበጀው የጆን ኮልትሬን ነው። ይህ ሰው በ1926 በኖርዝ ካሮላይና ግዛት ተወለደ፤ የእናቱም አባት የቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ። በ1943 ወደ ፊላደልፊያ ከተማ ሄዶ ሳክስፎንን ከነስሌቱ ተማረ። ልምምድ የማይሰለቸው ሰው ነበር፤ ኒኮላስ ስሎኒምስኪ የተባለው ሊቅ በ1947 ያሳተመውን የድምፅ ተራዎችን የሚዘረዝር ትልቅ መጽሐፍ እንኳ ለመልመጃ ያጠናው ነበር። በ1957 በሄሮይን ሱስ ምክንያት ከማይልስ ዴቪስ ጓድ ተሰናበተ። በዚያው ዓመት ግን ከሱሱ ተላቀቀ፤ ያ ዘመን በእግዚአብሔር ጸጋ የነፍስ መንቃት ያገኘበት እንደ ሆነም ኋላ በጽሑፍ መሰከረ።

በዚያው በ1957 በኒው ዮርክ ፋይቭ ስፖት በሚባል ቤት ከፒያኖው ሊቅ ከቴሎኒየስ መንክ ጋር ወራት ያህል ተጫወተ። መንክ በጨዋታው መካከል ከፒያኖው ተነሥቶ በመድረክ ላይ ይጨፍር ነበር፤ ኮልትሬንም ከኮንትራባስና ከከበሮ ጋር ብቻውን ይቀር ነበር። ኅብረ ድምፁን የሚያቀብለው ሰው ሳይኖር ቤቱን በልቡ ይዞ መጫወትን በዚህ ለመደ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1959 «ጃየንት ስቴፕስ» የተባለውን ድርሰቱን አስቀረጸ። በዚህ ዜማ ሲ፥ ሶልና ሚ ቤሞል የሚባሉ ሦስት ቅኝቶች ይፈራረቃሉ፤ በብዙ ስፍራ ኅብረ ድምፁ በየሁለት ምቱ ይለወጣል፤ ፍጥነቱም እንደ ሩጫ ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ከቅኝት መውጣት የለም፤ ሦስት ቤት እየሮጡ መግባትና በእያንዳንዱ ቤት የቤቱን ሥርዓት ሳያጓድሉ መገኘት ብቻ ነው። እንግዲህ ልብ ማለት ይገባል፤ ወደ ውጭ በመውጣት የተነቀፈው ሰው፥ አስቀድሞ በውስጥ ማንም የማይነቅፈውን ሥራ ሠርቶ ነበር። ኋላም በአንድ ቅኝት ላይ ረጅም ጊዜ በሚቆዩት ዜማዎች፥ በታች ሬ እንደ ጸና ሳለ፥ እነዚያን የሚፈራረቁ ቅኝቶች በላዩ ያነባብር ጀመር።

ይህም ብቻውን አይቻልም ነበር። ማኮይ ታይነር በፒያኖ፥ ኤልቪን ጆንስ በከበሮ፥ ጂሚ ጋሪሰን በኮንትራባስ አብረውት ቆመዋል። ታይነር በግራ እጁ ሬንና ላን በዝቅተኛው ድምፅ እንደ ደወል እየመታ ቤቱን ያሳስባል፤ በቀኝ እጁም አንዳንድ ጊዜ ከኮልትሬን ጋር አብሮ ይወጣል። አንዱ ሲወጣ ሌላው መብራት ይዞ ደጃፍ ላይ ይቆማል። የሚወጣው ሰው ምን ያህል እንደ ራቀ የሚያውቀው በዚያ መብራት ነው።

ሰሚው ሁሉ ግን ይህን አልተቀበለም። በ1961 ኮልትሬንና ባልንጀራው ኤሪክ ዶልፊ አብረው ሲጫወቱ፥ «ዳውን ቢት» በተባለው የጃዝ መጽሔት አንድ ሐያሲ ሥራቸውን የጃዝ ተቃዋሚ ብሎ ጻፈባቸው። ስንት ዘመን ለደከመበት ሙያ ጠላት ነህ መባል ለባለ ሙያ ቀላል ቍስል አይደለም። ሁለቱ በኤፕሪል 1962 በዚያው መጽሔት መልስ ሰጡ። ዶልፊ በቤቱ ሲጫወት ወፎች አብረውት ያፏጩ እንደ ነበረ፥ የወፎችም ድምፅ በእኛ ድምፆች መካከል የሚወድቅ እንደ ሆነ አስረዳ። ነቃፊውም ሁሉ በክፋት አልተናገረም፤ ሰው ደጃፉን ካላየ የወጣውን ሰው የጠፋ ይመስለዋልና።

ደጃፉን ለሁሉ የሚያሳየው ሥራ በዲሴምበር 9 ቀን 1964 ተቀረጸ፤ ስሙ «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ይባላል፤ ትርጓሜው ልዑል ፍቅር ማለት ነው። በመጀመሪያው ክፍል ኮንትራባሱ አራት ድምፅ ያለው አጭር ሐረግ ያሰማል። ኮልትሬን ብዙ ከተጫወተ በኋላ ያችን ሐረግ ይዞ ከቅኝት ወደ ቅኝት ይዞራል፤ በ12ቱም ያደርሳታል። ታች ያለው ቤት ሳይናወጥ እርሱ በሁሉ ቤት እየገባ ያንኑ ቃል ይናገራል። በመጨረሻም ሳክስፎኑን ትቶ በአፉ የዜማውን ስም ሲደጋግም፥ አራቱ ድምፆች የስሙ አራት ቀለሞች እንደ ነበሩ ይገለጣል። ስፍራው ቢለዋወጥም ቃሉ አንድ ስለ ሆነ፥ ትምህርት የሌለው ሰሚ እንኳ አይጠፋበትም።

ከዚህ በኋላ ኮልትሬን ይበልጥ ራቀ። በ1965 «አሴንሽን» የተባለውን ሥራ ከአሥር ሌሎች ባለ ሙያዎች ጋር አስቀረጸ፤ በዚያም ቤቱንና ውጩን ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ታይነር ተለየው፤ በ1966 መጀመሪያ ኤልቪን ጆንስ ሄደ። እርሱም በጁላይ 17 ቀን 1967 በጉበት ነቀርሳ በ40 ዓመቱ ዐረፈ። የኋለኛውን ሥራውን ከሁሉ አብልጠው የሚወዱ አሉ፤ እስከ 1964 ድረስ ብቻ የሚከተሉትም አሉ። ይህን ክርክር መጨረስ አስፈላጊ አይደለም። አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው፤ መብራት ይዘው ደጃፍ የቆሙት ሰዎች ከሄዱ፥ የመውጣቱ ትርጓሜ ይለወጣል።

በዛሬ ዘመን ይህ ጥበብ በትምህርት ቤት ይሰጣል። ዴቪድ ሊብማን የተባለው ሳክስፎን ነፊም በ1991 ስለዚሁ ነገር መጽሐፍ አሳትሟል። ለጀማሪ የሚሰጠው መልመጃ ቀላል ይመስላል። ሬን በታች ጸንቶ እንዲሰማ ያደርጋል፤ በነጮቹ ላይ አራት ድምፅ ያላት አጭር ሐረግ ያበጃል፤ ያችኑ ሐረግ ቅርጿን ሳይለውጥ ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ይመታል፤ ወዲያውም ይመለሳል። በመጀመሪያ የሚወጣው ለሁለት ምት፥ ቀጥሎ ለአራት ምት ነው፤ እየቆየም ይረዝማል። የወጣበትን ሐረግ በአፉ ማዜም ይገባዋል። በአፉ ሊያዜመው ያልቻለውን ጣቱ ብቻ እንጂ ጆሮው አያውቀውምና።

በዚህ ትምህርት ሁለት ዓይነት ተማሪ ይሰናከላል። አንዱ ፈሪው ነው፤ ወደ ባዕዱ ድምፅ በደረሰ ጊዜ ድምፁን ያሳንሳል፤ ምቱም ይንቀጠቀጣል፤ ሰሚውም ያን ጊዜ ስሕተት ነው ብሎ ይፈርድበታል። የውጩ ድምፅ በውስጡ ድምፅ ልክ በሙሉ ኀይልና በትክክለኛ ምት ካልተመታ ምክንያቱን አያስረዳም። ሁለተኛው ደፋሩ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በውጭ ይውላል። ነገር ግን ሁልጊዜ በውጭ ለሚኖር ሰው ውጭ የሚባል ነገር የለውም፤ ውጭነቱ የሚታወቀው በቤቱ ነውና። ከሁለቱ የደፋሩ ሕመም ይከብዳል፤ ፈሪው መሳሳቱን ያውቃል፤ ደፋሩ ግን አያውቅም።

እንግዲህ አንድን ባለ ሙያ ከሥርዓት ወጣ ብሎ ለመንቀፍ የሚቸኵል ሰው ሦስት ነገር ይመርምር። የተወውን ቤት አስቀድሞ ያውቀው ነበርን? የገባበት ስፍራ የራሱ ሥርዓት አለውን? የመመለሻውን መንገድ ይዟልን? ሦስቱ ከተገኙ፥ ጆሮ ባይወደው እንኳ አእምሮ ሊያከብረው ይገባል። ሦስቱ ካልተገኙ ግን፥ ምንም ያህል ቢያስጨበጭብ፥ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ነው።