ሙንዮንዮና የትንሿ ሳሕን ኑሮ

ከካምፓላ ከተማ መካከል ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚወርደው የጋባ መንገድ ካባላጋላን፣ ካንሳንጋንና ቡንጋን አልፎ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ያደርሳል። ሙንዮንዮ የሚባለው ስፍራ በዚያ ዳርቻ፣ ከከተማው መካከል 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። አፈሩ ቀይ፣ ሣሩ ለምለም፣ ነፋሱም ከሐይቁ የሚነሣ እርጥብ ነፋስ ነው። የጣናን ዳርቻ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ስፍራው እንግዳ አይሆንበትም። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ይህኛው ሐይቅ ከ68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ በስፋት አይወዳደሩም፤ ነገር ግን ከጣና የሚወጣው ዓባይና ከዚህ ሐይቅ የሚወጣው ነጭ ዓባይ በካርቱም ይገናኛሉ። ስለዚህ በሙንዮንዮ የቆመ የሀገራችን ሰው በዘመድ ውሃ ዳር እንደ ቆመ ቢቈጥረው አያስነቅፈውም።

ሙንዮንዮ የታሪክም የድግስም ስፍራ ነው። የቡጋንዳ ንጉሥ ካባካ ዳግማዊ ምዋንጋ በዚህ ቤተ መንግሥት ነበረው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በግንቦት ወር 1886 ዓ.ም. ክርስቲያን የሆኑት የቤተ መንግሥቱ አገልጋዮች እንዲሞቱ የፈረደው በዚሁ ስፍራ ነው። ዛሬ በዚያ መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ቆሞአል። በኛው ዘመን ደግሞ በሐይቁ ዳር በተሠራው በስፔክ ሪዞርት አዳራሾች፣ በ2007 የጋራ ብልጽግና አገሮች መሪዎች፣ በ2010 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች፣ በ2024 የገለልተኛ አገሮች መሪዎች ተሰብስበዋል። ታላላቅ ጉባኤ በሌለበት ሳምንት ደግሞ ሙሽሮች በዚህ ዳርቻ ይዳራሉ፤ ዘመድ አዝማድም እስኪጠግብ ይጋበዛል።

እንዲህ ባለው የድግስ መንደር ውስጥ፣ ከአንድ የቡና ስኒ ማስቀመጫ በማትበልጥ ሳሕን የሚመገቡ የሀገራችን ሰው አሉ። በካምፓላ ለብዙ ዓመታት በንግድ ሥራ የኖሩ ናቸው። ስማቸውን እንዳንጽፍ ስለ ለመኑን «አባወራው» እያልን እንጠራቸዋለን። እኛ ወደ ቤታቸው በሄድን ጊዜ ክብደት ለመቀነስ የሚደረገውን የጨጓራ ቀዶ ጥገና በውጭ አገር ካደረጉ ሰባት ወር ሆኖአቸው ነበር። ስለ ቀዶ ጥገናው ብዙ ይወራል፤ ከዚያ በኋላ ስላለው ኑሮ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ለአንባቢያችን ልንገልጽ ያሰብነው ይህን ሁለተኛውን ነገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሕክምናው ጥቂት እንበል። በብዛት ከሚሠሩት ዓይነቶች በአንደኛው ሐኪሙ ጨጓራውን በቁመቱ ይቈርጥና 80 በመቶ የሚሆነውን አውጥቶ የቀረውን እንደ ሙዝ ቀጭን አድርጎ ይተወዋል። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኘዋል። ይህ ሁለተኛው ሥራ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1966 በአሜሪካ አገር በሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን እጅ ነው። በሁለቱም መንገድ ሰውየው በጥቂት ምግብ ይጠግባል፤ ረኃብን የሚቀሰቅሰው የሰውነት መልእክትም ይቀንሳል። አባወራው የተደረገላቸው የፊተኛው ነው።

ወደዚህ ውሳኔ ያበቃቸው የመልክ ነገር አይደለም። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ነበረባቸው። ከሙንዮንዮ ብዙም ሳይርቅ በሚገኘው በኪሩዱ ሆስፒታል ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማን ደማቸውን በመሣሪያ ያጣራሉ። ኩላሊትን ከሚያደክሙት በሽታዎች ዋነኞቹ ደግሞ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። «በዚያ ደጅ ባለፍሁ ቍጥር ነገ ተረኛው እኔ ነኝ እል ነበር» ሲሉ ነገሩን።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የምግቡ ሥርዓት እንደ ሕፃን አስተዳደግ በየደረጃው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈሳሽ ብቻ ይጠጣል፤ ቀጥሎ የተፈጨና የላመ፣ ከዚያም ለስላሳ ምግብ ይበላል። ወደ ተራው ምግብ የሚመለሱት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥርዓት ግን ዕድሜ ልክ የሚጠበቅ ነው። እያንዳንዱ ጕርሻ ትንሽ ሆኖ በሚገባ ይታኘካል፤ አንድ ማዕድ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይፈጃል። ከምግብ ጋር ውሃ አይጠጣም፤ ተበልቶ ካበቃ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ፈሳሽ ቀኑን ሙሉ እየተጎነጩ ይጠጣል። ከምግቡም ሁሉ አስቀድሞ የሚበላው ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን ነው፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያስፈልጋል። ያ ከጐደለ ሰውነት ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣልና።

ይህ ሥርዓት በሐኪም ወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ኑሮ ሲሆን እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለማየት ከአባወራው ባለቤት ጋር ወደ ጋባ ገበያ ወረድን። ጋባ ከሙንዮንዮ ጋር ጎረቤት የሆነ የዓሣና የእህል ገበያ ነው። ጀልባዎች ከዳር ሲቆሙ ዓሣው ከነውሃው ይወርዳል፤ ሴቶቹ ነጋዴዎች ሸማቹን «ሴቦ»፣ ሸማቿን «ኛቦ» እያሉ በአክብሮት ይጣራሉ። በአንድ ወገን የማቶኬ ሙዝ ከነግንዱ ተከምሮአል። ማቶኬ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል የቡጋንዳ ዋና ምግብ ነው። ባለቤቲቱ ግን መጀመሪያ ያመሩት ወደ ዓሣው ነበር። አንድ መካከለኛ ዓሣ፣ ጥቂት ባቄላና ሙኬኔ የሚባለውን ትንንሽ የደረቀ ዓሣ ገዙ። ሙኬኔ በዋጋው ርካሽ፣ በፕሮቲን ግን ሀብታም ነው። በመጨረሻ ሁለት ፍሬ ማቶኬ ብቻ አነሡ። ሻጪቱ ሁለቱን ፍሬ አይታ ብትስቅም፣ ምክንያቱ ሲነገራት ሳቋን ትታ «ምፖላ ምፖላ» አለቻቸው። በሉጋንዳ ቋንቋ «ቀስ በቀስ» ማለት ነው።

ከጋባ ስንመለስ ባለቤቲቱ የቤታቸውን ሥርዓት ገለጹልን። እንጀራ እንደ ቀድሞው መሶቡን ሞልቶ አይቀርብም። አባወራው አስቀድመው ዓሣውን ወይም ዕንቁላሉን ወይም ምስሩን ይበላሉ፤ ቀጥሎ ጥቂት ጐመን፤ ቦታ ከተረፈ የመዳፍ ያህል እንጀራ። ቡናውን በአቦል ብቻ፣ ያለ ስኳር ይጠጣሉ። ሐኪማቸው ያዘዘላቸውን የብረት ክኒን ከቡናው ያርቁታል፤ ቡና ብረት ከሰውነት ጋር እንዳይዋሐድ ይከለክላልና። ካልሲየሙንም ከብረቱ በሌላ ሰዓት ይወስዱታል። ጾም ሲመጣ ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ጋር ተማክረው ይወስናሉ፤ ጨጓራው ትንሽ ለሆነ ሰው ከሽሮና ከምስር ብቻ በቂ ፕሮቲን ማግኘት ቀላል አይደለምና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእንግድነት ነገር ነው። በሀገራችን ፍቅር የሚገለጠው በጕርሻ ነው። «በሞቴ» ተብሎ የተሰጠን ጕርሻ መመለስ ሰውን እንደ መናቅ ይቈጠራል። በቡጋንዳም ቢሆን እንግዳ የሚከበረው ሳሕኑ ሲሞላ ነው። በነበርንበት ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ ዘመድ ከካባላጋላ መጥተው ነበር። እንጀራውን በወጥ አርሰው፣ ጠቅልለው፣ ጕርሻውን ወደ አባወራው አፍ ዘረጉ። አባወራው ዝም አሉ። ባለቤቲቱ ተነሥተው የእናቲቱን እጅ ሳሙና «እማማ፣ ፍቅርዎን በአውራ ጣትዎ ጫፍ ያህል ይስጡልኝ፤ ከዚያ የበለጠው ያመዋል» አሉአቸው። እማማም ጥቂት አሰቡና ጕርሻውን ቈርሰው ቈርሰው ምስር የሚያህል አስቀሩ። አባወራው ተቀብለው ረዘም ላለ ጊዜ አላመጡት። ማዕዱም በሳቅ ቀጠለ።

ነገሩ የጨዋታ ጕዳይ ብቻ አይደለም። ትንሽ ጨጓራ ከልኩ በላይ ሲሞላ ይጨነቃል፣ ያስመልሳል። መላልሶ ማስመለስ ደግሞ ቪታሚን ቢ1ን እያሳጣ ነርቭንና አንጎልን እስከ መጕዳት ሊያደርስ ይችላል። ጣፋጭ መጠጥም፣ ይልቁንም አንጀታቸው በተገናኘላቸው ሰዎች ላይ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ማዞር ያመጣል። የአልኮል መጠጥም ከቀድሞው በፈጠነ ጊዜ ያሰክራል። ስለዚህ በፍቅር የተሰጠ ጕርሻና ብርጭቆ፣ ሳይታሰብ ሰውን የሚጐዳ ይሆናል።

ሁለተኛው ፈተና የሰው ወሬ ነው። በእኛ ዘንድ «ወፈርህ፣ አማረብህ» ምስጋና ነው፤ «ከሳህ» ግን ሐዘኔታ ነው። በኡጋንዳ ደግሞ የመክሳት ነገር የከበደ ትዝታ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980ዎቹ የኤድስ በሽታ በደቡቡ ክፍል በተነሣ ጊዜ፣ ሰውን አክስቶ ስለሚገድል ሕዝቡ «ስሊም»፣ ማለትም «ቀጭን» ብሎ ጠርቶት ነበር። ስለዚህ በጥቂት ወር ውስጥ ከሠላሳ ኪሎ በላይ የቀነሱትን ሰው ሲያዩ አንዳንድ ጎረቤቶች በሹክሹክታ ይነጋገሩ ጀመር። በአራተኛው ወር ጠጕራቸው መሳሳቱ ወሬውን አባሰው። ይህ የጠጕር መሳሳት ከፈጣን ክብደት መቀነስ በኋላ የሚታይና አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ የሚመለስ ነገር ነው። አባወራው ለጥቂት ሳምንት ከቤት መውጣት ትተው ነበር። በኋላ ግን ከባለቤታቸው ጋር መክረው ለሚቀርቧቸው ሰዎች እውነቱን ነገሩ። እውነቱ ከታወቀ በኋላ ወሬው በራሱ ጊዜ በረደ፤ አንድ ጎረቤታቸውም ስለ ራሱ የስኳር በሽታ ሊያማክራቸው መጣ።

ሦስተኛው ፈተና በልብ ውስጥ ያለው ነው። «ቀድሞ ሥራ ሲበላሽብኝ፣ አገሬ ስትናፍቀኝ፣ ምግብ ባልንጀራዬ ነበር» አሉን አባወራው፤ «ሐኪሙ ጨጓራዬን ቈረጠ እንጂ ናፍቆቴን አልቈረጠውም።» አሁን ሐሳብ በያዛቸው ጊዜ የሐይቁን ዳር ይዘው ይሄዳሉ። በዚያ መንገድ ላይ ብቻቸውን አይደሉም። በየዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሰኔ 3 ቀን ከሚከበረው የሰማዕታት በዓል አስቀድሞ፣ ምእመናን ከሙንዮንዮ ተነሥተው ወደ ናሙጎንጎ በእግራቸው ይጓዛሉ። አባወራው ያን ያህል አይሄዱም፤ ነገር ግን ከሰባት ወር በፊት ከበር እስከ መኪና ሲሄዱ ያርፉ የነበሩት ሰው ዛሬ አንድ ሰዓት ይራመዳሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ፍሬ አለው። በስዊድን አገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1987 የተጀመረ ረጅም ጥናት፣ ቀዶ ጥገናው የተደረገላቸው ወፍራም ሰዎች በተለመደው ሕክምና ከቀጠሉት ይልቅ የመሞታቸው ዕድል ያነሰ መሆኑን በ2007 አስታውቆአል። ይኸው ጥናት ግን ክብደቱ እጅግ የሚቀንሰው በመጀመሪያው አንድና ሁለት ዓመት እንደ ሆነ፣ ከዚያም ከፊሉ ሊመለስ እንደሚችል አሳይቶአል። ይህም ማለት ቢላዋው በር ይከፍታል እንጂ መንገዱን አይሄድም ማለት ነው። ቪታሚኑ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፤ ደሙ በየጊዜው ይመረመራል፤ የስኳርና የግፊት መድኃኒቱም የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው።

የቀዶ ጥገናው ሥራ በጥቂት ሰዓት ያልቃል፤ የማዕዱ ሥራ ግን በየቀኑ ሦስት ጊዜ ይታደሳል፤ የሚሠሩትም ሕመምተኛው ብቻ ሳይሆኑ ባለቤት፣ ዘመድ፣ ጎረቤትና ጋባዥ ሁሉ ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለ፣ የትንሿ ሳሕን ሸክም የሚቀለው ቤተ ሰቡ ሲካፈለው ነው። አንባቢያችንም እንዲህ ያለ እንግዳ ወደ ቤቱ ቢመጣ ሳሕኑን እንዲያሳንስ፣ ጨዋታውን ግን እንዲያበዛ እንመክራለን። ስለ ምግቡ ማነስ ደጋግሞ አይጠይቀው፤ ስለ መክሳቱም በሰው ፊት አያንሣበት። ቢያስፈልግ የጋባዋ ነጋዴ እንዳለችው «ምፖላ ምፖላ» ይበለው፤ እኛም በአገራችን ቋንቋ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን።