በገዛ እጃችን ያቀበልነው ዱላ

ባርነትን ያስቀረነው እኛው ነን፣ ማንም ገፍቶን አይደለም ብለን አፋችንን ሞልተን የምንናገርበት ዕድል ነበረን። ከ1916 እስከ 1928 ዓ.ም.፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በእጃችን ቆየ። አላወቅንም ነበር ማለት አይቻልም። አዋጁ ወጥቷል፣ ማኅተሙ አርፎበታል፣ የሚያስጠነቅቅም ሰው አልጠፋም። እያወቅን ነው ያሳለፍነው፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

ለምሥራቅ ጎጃም ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከሉማሜ ተነሥቶ አነደድን ላለፈ ሰው ባሶ ሊበን ጎረቤት ነው። ከተማው የጁቤ ዛሬ እንደ ማንኛዋም የወረዳ ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን በአጠገቧ የሚቆመው የባሶ ገበያ በአገሩ ካሉት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክና ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ደርሰውበት ጽፈውለታል። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡና ይወጣበታል። ሰውም ይወጣበታል። ከእናርያ፣ ከጅማ፣ ከከፋ የተፈነገለው በጉድሩ በኩል ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ይደርስና ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ወደ መተማ፣ ወደ ምጽዋ ይነዳል። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ።

የሚሸጠው እስላም ነጋዴ ነው፣ ክርስቲያን ሰው አይሸጥም የሚል የቆየ ማሳበቢያ አለን። ሕጉ ክርስቲያኑን ከመሸጥ ከለከለው እንጂ ከመግዛት መቼ ከለከለው? የገበያው ቀረጥ የሚገባው ለማን ነበር? ለአገሩ ገዢ አይደለም? ይብስ የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ሁሉ የሚሆነው በዲማና በደብረ ወርቅ፣ ሊቅ በሞላበት አገር መሆኑ ነው። ፍትሐ ነገሥቱ ሰው በተፈጥሮው ነጻ እንደሆነ፣ ባሪያ የሚያደርገው ጦርነት እንደሆነ ይናገራል፤ ነጻ ማውጣትንም ከምግባር ይቆጥራል። ንባቡ በእጃችን ነበር። ያነሰው ትርጓሜውን ከመጽሐፉ አውርዶ ገበያ መሐል የሚያቆም ሰው ነው።

ምን እንደሸጥን ማወቅ ለሚፈልግ አንድ ስም ይበቃዋል። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ከሁሩሙ ተፈንግሎ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ኖሮ፣ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። ይህ ሰው ነው እንደ እርሱ ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያስነበበው። ሌሎቹ፣ ስማቸው ያልተጻፈው፣ ምን ይሆኑ ነበር?

ነገሥታቱ ከቴዎድሮስ ጀምሮ የባሪያ ንግድን የሚከለክል አዋጅ አላጡም። አፄ ዮሐንስም በ1884 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በዚሁ ጉዳይ ውል ተፈራርመዋል። እነዚህን ልለፋቸው፤ አገሩን ከዳር እስከ ዳር የሚይዝ መንግሥት ባልነበረበት ዘመን የወጣ ክልከላ ነጋሪት ከተጎሰመበት ሜዳ ብዙ አይርቅም ነበር። የ1916ቱ ግን ሌላ ነው።

መስከረም 17 ቀን 1916፣ በመስቀል ዕለት፣ ጄኔቭ የተሰበሰበው የመንግሥታት ማኅበር ኢትዮጵያን አባል አድርጎ ተቀበለ። እንግሊዝ ባሪያ ያለበት አገር እንዴት ይገባል ብላ ስታንገራግር ነበር፤ ፈረንሳይ ደገፈችን፤ በመጨረሻ ሁሉም ተስማሙ። ጣልያንም ተስማማች። ይህችን ልብ ይሏል። እኛም ባርነትን እናጠፋለን ብለን ቃል ገባን። በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ የነጻነቱን አዋጅ አወጡ።

አዋጁን አንብቦ መቆጨት ነው። ባሪያው ነጻ የሚወጣው ጌታው ሲሞት ነው፤ ያውም ወዲያው ሳይሆን እስከ ሰባት ዓመት ለወራሾች ካገለገለ በኋላ። በሌላ ቋንቋ፣ የአንዱ ነጻነት በሌላው ዕድሜ ተለካ። ጌታው ጤነኛ ከሆነ ባሪያው ምን ብሎ ይጸልይ? በ1923 ሕጉ ተሻሽሎ ሰባቱ ዓመት ወደ አንድ ወረደ። ጌታውን መጠበቁ ግን አልቀረም።

አዋጁ ከወጣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሊጎበኙ ሲነሡ የጎጃሙ ገዢ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት አብረው ተጓዙ። ፓሪስን፣ ሮምን፣ ሎንዶንን አዩ። ተመልሰው አውቶሞቢል አስመጡ፤ ጎጃም ከዚያ ጉዞ ያተረፈው ይህንን ነው። ከአገው ምድር ወዲያ በመተከል ጉምዙ እየታደነ መሸጡ ቀጥሎ ነበር። የታሪክ ምሁሩ አብዱሰመድ አህመድ በዚያ ጠረፍ የነበረውን የባሪያ ንግድ እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ተከትለው ጽፈውታል። ገዢያችን የሠለጠነውን ዓለም አይተው መጥተው በጓሯቸው ያለውን ሳያዩት ቀሩ ልበል? አላምንበትም። አይተውታል፤ ግብሩም ይመጣላቸው ነበር።

ተፈሪ ብቻቸውን ምን ያድርጉ የሚል ይኖራል፤ ነገሩም እውነትነት አለው። በ1916 ዘውዱ የእርሳቸው አልነበረም፤ መኳንንቱም ሀብቱ፣ ክብሩ፣ ማረሻውና ማድቤቱ በባሪያ የቆመ ነበር። ግን ከ1923 ወዲህስ? ዘውድ ጭነዋል፣ ሕገ መንግሥት አውጥተዋል። በ1924 ከእንግሊዝ ጸረ ባርነት ማኅበር የመጡት ሎርድ ኖኤል ባክስተንና ሎርድ ፖልዋርዝ መቼ ትጨርሱታላችሁ ብለው ሲጠይቁ የተሰጣቸው መልስ ከ15 እስከ 20 ዓመት ውስጥ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የባርነትን ጉዳይ የሚከታተል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ዳኞች ተሾሙ፤ ነጻ ለወጡ ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤትም አዲስ አበባ ውስጥ ነበር። ሥራው አልተጀመረም አልልም። ጥፋቱ ሃያ ዓመት ይሰጠናል ብሎ ማሰቡ ነው። ኤርትራንና ሶማሊያን ይዞ፣ አድዋን ሳይረሳ በሁለት በኩል የቆመ ጠላት እያለ ሃያ ዓመት ማን ሊሰጠን? ሳይቃጠል በቅጠል የሚል አገር እሳቱ ጣራው ላይ እስኪወጣ ቀጠሮ ያዘ።

ነሐሴ 1927 ሊያልቅ ሲል ጣልያን ለመንግሥታት ማኅበር ወፍራም የክስ መዝገብ አቀረበች። ኢትዮጵያ ቃሏን አልጠበቀችም፣ ባሪያ ፈንጋይ ናት፣ ከሠለጠኑት ጋር ልትቀመጥ አይገባም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ትግባ ብላ እሺ ያለችው ያቺው ጣልያን ናት። በጄኔቭ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት፣ በሎንዶን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አገራቸውን ወክለው መልስ መስጠት ነበረባቸው። ወርቅነህን ሳስብ ያንገበግበኛል። በልጅነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዝ ወታደር ተወስደው ባዕድ አገር ያደጉ፣ ተመልሰው ባርነትን ከሚቃወሙት ግንባር የቆሙ ሰው ነበሩ። ለዓመታት እናጥፋው ሲሉ የኖሩበትን ነውር በስተርጅና የእንግሊዝ ጋዜጣ አንባቢ ፊት ሊያስተባብሉ ተቀመጡ።

ሙሶሊኒ ያለዚህም ይመጣ ነበር። እርሱን አልክድም፤ ሰበብ አይቸግረውም። ግን ሊረዳን ያመነታ የነበረው ወገን፣ በተለይ ባርነትን ሲታገል የኖረው የእንግሊዝ ሕዝብ፣ ለመጥፎ ሕሊናው መሸሸጊያ አገኘ። ዱላውን ያቀበልነው እኛ ነን። ጥቅምት 1928 ላይ ጄኔራል ዴ ቦኖ ትግራይ ገብቶ ባርነት ቀርቷል ብሎ አወጀ። የመርዝ ጋዝ የሚረጭ፣ የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ የሚፈጽም፣ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት የሚረሽን ሠራዊት የነጻነት አዋጅ አንባቢ ሆኖ ገባ! እኛ ልናነበው የሚገባንን አዋጅ ነው ከአፋችን የነጠቀን።

ዴ ቦኖ ራሱ ኋላ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ነገር አምኗል፤ አዋጁ ለባሪያዎቹ እምብዛም የለወጠው ነገር አልነበረም፣ ብዙዎቹ ታዲያ ማን ያበላናል ሊሉት መጡ። ጠላት የተናገረው ቢሆንም ጥያቄው የእኛ ነበር። ድል አድርገን ስንመለስም አልመለስነውም።

ነሐሴ 20 ቀን 1934 በወጣው አዋጅ ባርነት በሕግ ፈጽሞ ቀረ። በጎጃም ግን ያን ጊዜ መሬት በርስት ነበር። ርስት የሚገባው ደግሞ አገሩን ያቀናው አባት እገሌ ነው፣ እኔም ከእርሱ በዚህ በኩል እወለዳለሁ ብሎ ዘር ለሚቆጥር ነበር። ከከፋ ወይም ከመተከል በልጅነቱ የተነዳ ሰው ቢቸና ላይ ቆሞ ማንን ቆጥሮ ምን ሊያነሣ? አባቱን ያስረሳው አገር አባትህ ማነው ብሎ ይጠይቀዋል። ነጻ ወጣ፤ ማታም ወደዚያው ወደ ጌታው ማድቤት ተመለሰ፤ ስሙ ከባሪያ ወደ አሽከር ተዛወረ። ጋብቻ ሲጠየቅ ሽማግሌው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያነሣት ያቺ ወሬ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ተከተለችው። በዚያን ጊዜ ለእነዚህ ሰዎች ከመንግሥት መሬት ቆርሶ መስጠት ያቅት ነበር? መንግሥቱ ለአርበኛው፣ ለመኳንንቱ፣ ለባለሟሉ ጋሻ በጋሻ እያደለ ነበር እኮ! አሜሪካኖች በ1865 እ.ኤ.አ. ባሪያዎቻቸውን ያለ መሬት ለቀው የደረሰባቸውን ለማየት ሰባ ሰባት ዓመት ነበረን።

መሬት በአዋጅ ለሁሉም የተባለው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። ባርነት በሕግ በቀረበት በ1934 የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ያን ቀን ስልሳ ሦስት ሞልቶታል፤ በሬ የሚጠምድበትን ጉልበት በሰው ርስት ላይ ጨርሶታል።