ስለ አንዲት ትንሽ የሕንድ ወንበር

በድሬ ዳዋ ከተማ፣ በእናቴ ቤት ከግድግዳው ሥር፣ ቁመቷ ከሁለት ስንዝር የማትበልጥ አንዲት የእንጨት ወንበር አለች። መልኳ ደማቅ ቀይ ነው፤ በእግሮቿና በመደገፊያዋም አበባና ሐረግ በወርቅ ቀለም ተሥሎባታል። እኛ ልጆች ሳለን ልንቀመጥባት አልተፈቀደልንም ነበረ።

የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተነሥቶ በዚህ በደረሰ ጊዜ ከተማይቱ ተቈረቈረች፤ ከግሪኩ፣ ከአርመኑና ከዐረቡ ጋራም ሕንዳዊው ነጋዴ ሱቁን ከፈተ። ከሕንዶቹ ሁሉ ስሙ የገነነው የመሐመድ አሊ ንግድ ቤት ነበረ። በ1929 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት ይህን ንግድ ቤት ዘግቶ ሰዎቹን ከአገር ባስወጣ ጊዜ፣ ከጸሐፊዎቹ የአንዱ ሚስት ጓዟን ስትሸክፍ ወንበሪቱን ለአያቴ ልጅ ሰጠቻት። ያች ልጅ እናቴ ናት፤ ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነበረ።

አያቴ «ወርቅ ነው» ይሉ ነበረ፤ እኛም አመንን።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ወደ ከተማችን ሲቃረብ የባቡሩ መንገድ ተቈረጠ፤ በጣቢያው ሸቀጥ በመጫን የሚያድረው አባቴም ሥራ ፈታ። እናቴ ወንበሪቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ አንድ አንጥረኛ ሄደች፤ እኔም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ተከተልኋት። ሰውዬው ከኋላዋ እግር ጥቂት ፋቀ። ከወርቁ ሥር ነጭ ነገር ወጣ። «እኅቴ፣ ይህ ቆርቆሮ ነው» አላት፤ ዋጋም አልጠየቃት።

ሥራው ጉጃራት በሚባለው አውራጃ የሳንኬዳ ከተማ ጠራቢዎች ሥራ መሆኑን የተረዳሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እንጨቱን እያሽከረከሩ ይቀርጹታል፤ ቆርቆሮ አልመው ከሙጫ ጋራ ያዋህዱና ሐረጉን በቀጭን ብሩሽ ይሥሉበታል። ቀጥሎም ላክ የሚባለውን፣ ጥቃቅን ነፍሳት በዛፍ ላይ የሚያወጡትን ሙጫ በእሳት አሙቀው ይቀቡታል። ነጩ ቆርቆሮ ወርቅ መስሎ የሚታየው በዚህ ሙጫ ውስጥ ሲያልፍ ነው። እንግዲህ ሠሪው አላታለለም፤ ወርቅ ያልነው እኛው ነን። (አንጥረኛው የፋቀውም ቆርቆሮውን ሳይሆን ወርቅ የሚያስመስለውን ሙጫ ነበረ።)

በዚያ ቀን እናቴ በመንገድ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ማታ ለእራት የጎረቤት ሽሮ ተበድራ ሠራችልን። ከዚያም ወንበሪቱን አነሣችና በነጠላዋ ጫፍ ወለወለቻት፤ የተፋቀውንም እግር ወደ ግድግዳው አዙራ አስቀመጠቻት። እስከ ዛሬም እንደዚያው ናት፤ ቤት ስትጠርግ ብታነሣት እንኳ ያው እግር ወደ ግድግዳው ዞሮ ይመለሳል።